ቀለም ቀቢዎች፣ ካርዱን አብረን እናውጣ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብሩሽና ስክሬፐር ይዛችሁ እንጀራችሁን የምታገኙ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ከፔትዎርዝ እስከ ብራይትዉድ፣ ከታኮማ ፓርክ እስከ አሌክሳንድሪያ ቀለሙ የተላጠ የመስኮት ፍሬም ስትፍቁ ትውላላችሁ። ስለ ሊድ፣ ማለትም ስለ እርሳስ፣ ሲነሣ ታዲያ ከብዙዎቻችሁ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እኔ የሊድ ሥራ አልሠራም፤ ቀለም ቀቢ ነኝ»። ይህ መልስ ከእንግዲህ አያዋጣም። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ገብቶ የፋቀ፣ በሳንደር ያለሰለሰ፣ አሮጌ መስኮት የነቀለ ሰው፣ ቤቱ ተመርምሮ ነፃ ካልተባለ በቀር፣ በሕግ ዓይን የሚሠራው የሊድ ሥራ ነው። ሥራውንማ ድሮውንም እየሠራነው ነው። የጎደለው ሥልጠናው፣ መከላከያውና ለሥራው የሚገባው ዋጋ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢፒኤ፣ ማለትም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የሚጠቅሰውን አኃዝ እንይ። ከ1940 በፊት ከተሠሩ መቶ ቤቶች 87ቱ፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69ኙ፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24ቱ የእርሳስ ቀለም አለባቸው። ዋሽንግተን ያረጀች ከተማ ናት፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከቆሙት የጡብ ቤቶቿ ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ናቸው። ላይኛው ላቴክስ ባለፈው ዓመት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ግን የሰማንያና የመቶ ዓመት ቀለም በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተነባብሮ ተኝቷል። እርሳስ ቀለምን ያጠነክራል፣ እርጥበት ያስችለዋል፤ ስለዚህም በመስኮት፣ በበር፣ በወጥ ቤትና በበረንዳ ላይ በብዛት ተቀባ። እነዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ሲፋተጉና ሲረገጡ የሚውሉ ቦታዎች ናቸው። መስኮቱ ወደ ላይ በተገፋ ቁጥር ብናኝ ይወርዳል፤ ብናኙም ወለል ላይ ያርፋል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ሕፃን ይድሃል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ያውቁታል። የእርሳስ ቅንጣት ጣፋጭ ጣዕም አለው፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚያደርሰው። እርሳሱ ገና በማደግ ላይ ወዳለ አእምሮ ሲገባ ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይቀንሳል፣ ትኩረትን ይበትናል፣ ጠባይን ያውካል፣ የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም ይላል። ልጁ ከሌሎች የበለጠ ተጋልጧል የሚያሰኘውንም መለኪያ በ2021 በአንድ ዴሲሊትር ደም ወደ 3.5 ማይክሮግራም አውርዶታል። በ1991 ይኸው መለኪያ 10 ነበር።

በ2000 በኒው ሃምፕሸር ግዛት ማንቸስተር ከተማ አንዲት የሁለት ዓመት ሱዳናዊት ስደተኛ በእርሳስ ተመርዛ ሞተች። ቤተሰቧ በግብፅ በኩል ወደዚህ አገር ከገባ ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። ያረፉበት አሮጌ አፓርታማ ቀለሙ ይላጥ ነበር። ደሟ ሲመረመር በዴሲሊትር 392 ማይክሮግራም ተገኘበት። ስደተኛ ልጆች እዚህ አገር እንደገቡ ደማቸው ይመርመር፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገምላቸው የሚለው የሲዲሲ ምክር ከዚህች ልጅ ሞት በኋላ ነው የጠነከረው። ከጦርነት ሸሽተው ከሰሃራ ማዶ ድረስ የመጡ ወላጆች ልጃቸውን በመስኮት ቀለም አጡ። ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጣን ለእኛ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ እኛም እዚህ አገር እንደገባን መጀመሪያ የምንከራየው ርካሹንና አሮጌውን ቤት ነው።

ለአዋቂውም አይራራም። የደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትን ያደክማል፣ ነርቭን ይጎዳል፣ ዘር የመተካት አቅምንም ይነካል። ደም ውስጥ የገባው እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ ሴት ስታረግዝ ደግሞ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ሠራተኛው በጫማው፣ በጸጉሩ፣ በመኪናው ወንበርና በሥራ ልብሱ ብናኙን ቤቱ ያስገባዋል። ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ማጠቢያ ሲታጠብ ያልፋቁት ልጆች ከፋቂው ጋር እኩል ይካፈሉታል።

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1904 በአውስትራሊያ ብሪዝበን ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ ሐኪም ልጆችን የሚመርዘው የበረንዳ ቀለም መሆኑን ጽፎ ነበር። በ1921 የዓለም የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስን ከቤት ውስጥ ቀለም የሚያግድ ስምምነት አወጣ፤ ብዙ አገሮች ሲፈርሙ አሜሪካ አልፈረመችም። ባልቲሞር በቤት ውስጥ መቀባቱን በ1951 ከለከለች። አገሪቱ በሙሉ እስክትከለክል ግን 1978 ድረስ ተጠበቀ። ሻጩ እያወቀ በሸጠው ቀለም ዛሬ አቧራውን የምንተነፍሰው እኛ ነን። በካሊፎርኒያ አሥር ከተሞችና ካውንቲዎች ለሃያ ዓመት ያህል ከተሟገቱ በኋላ ሦስት ኩባንያዎች 305 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በ2019 ተስማሙ። በፍርድ ቤት በኩል የተገኘው ይህን ያህል ነው። ቀሪውን ከየግድግዳው የሚያነሣው የሠራተኛ እጅ ነው፤ ያ እጅ የሠለጠነ ይሁን ነው ጥሪያችን።

አሁን ወደ ካርዱ፣ ማለትም ወደ ሥልጠናውና ፈቃዱ ማረጋገጫ፣ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ይቀላቅላል። የመጀመሪያው አርአርፒ የሚባለው፣ የእድሳት፣ የጥገናና የቀለም ደንብ ነው። ከ2010 ጀምሮ ይሠራበታል። ከ1978 በፊት በተሠራ መኖሪያ ቤት ወይም ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚውሉበት ቦታ፣ በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ፊት በላይ፣ ከውጭ ደግሞ ከ20 ስኩዌር ፊት በላይ ቀለም የሚነካ ማንኛውም የሚከፈልበት ሥራ በዚህ ሥር ይወድቃል። መስኮት መቀየርማ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ይካተታል። ድርጅቱ ከኢፒኤ ፈቃድ ያወጣል፤ ብቻውን በራሱ ስም የሚሠራ ሰውም ድርጅት ነው። በየሥራው ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሰው ይመደባል። ሥልጠናው የስምንት ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ሰዓት በእጅ የሚሠራበት ነው። የድርጅቱ ክፍያ 300 ዶላር ሲሆን ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ለአንድ ምሽት ሠርግ ከዚህ በላይ እናወጣለን።

ሁለተኛው አቤትመንት ነው፤ ትልቁ ገንዘብም ትልቁ ኃላፊነትም ያለው እዚህ ነው። አርአርፒ ቤት እያደሱ አቧራን የመቆጣጠር ሥራ ሲሆን አቤትመንት ግን አደጋውን ራሱን ለዘለቄታው ለማጥፋት የሚገባበት ሥራ ነው። ቀለሙ ይነሣል፣ ወይም ፍሬሙ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል፣ ወይም በጠንካራ ነገር ይሸፈናል፣ ወይም በልዩ ማሸጊያ ይታሸጋል። እዚህ ላይ «አንዱ ሠልጥኗል፣ ሌሎቻችን እንረዳዋለን» የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በፌዴራሉ ደንብ የሠራተኛው ሥልጠና 16 ሰዓት፣ የተቆጣጣሪው 32 ሰዓት ነው። ተቆጣጣሪ ለመሆን የሥራ ልምድና የውጭ ፈተናም አለበት። ኢንስፔክተር መሆን የሚሻ 24 ሰዓት ይማራል፤ እንግሊዝኛ የቀናቸው ወጣቶቻችን ይህን መንገድ ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ ጀርባ የማይሰብር ሥራ ነው። በዲሲ ፈቃዱን የሚሰጠው ዲኦኢኢ የተባለው የኢነርጂና የአካባቢ መሥሪያ ቤት፣ በሜሪላንድ የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ኤምዲኢ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ዲፒኦአር ነው። የአንዱ ፈቃድ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በራሱ አይሠራም፤ ከመመዝገባችሁ በፊት የት እንደምትሠሩ ወስኑ።

ሥልጠናው ላይ የምትማሩት በአብዛኛው እጃችሁ የሚያውቀውን ሥራ በሌላ ሥርዓት መሥራት ነው። የሰው ዕቃ ከክፍሉ ይወጣል ወይም ይሸፈናል፤ የማሞቂያው ቀዳዳ ይታሸጋል፤ ፕላስቲኩ ከሚሠራበት ግድግዳ ቢያንስ ስድስት ፊት ድረስ ይነጠፋል፤ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ቀለሙ እንዳይቦን ውሃ እየተረጨ ይፋቃል። በእሳት ማቃጠል ክልክል ነው። ከ1,100 ዲግሪ ፋራናይት በላይ የሚያሞቅ መሣሪያም ክልክል ነው፤ ብናኝ የሚስብ ሄፓ ያልተገጠመለት ሳንደርም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ የቆሸሸው ፊቱ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ወለሉ በሄፓ ቫኪዩም ይጠረጋል፣ ይታጠባል። አቤትመንት ከሆነ ደግሞ ገለልተኛ ሰው መጥቶ ከወለሉና ከመስኮቱ በእርጥብ ጨርቅ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። በ2024 ኢፒኤ ለወለል የሚፈቀደውን ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በስኩዌር ፊት ዝቅ አድርጎታል። በዓይን የማይታይ ነው። «ጠርጌዋለሁ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይበቃም፤ ላቦራቶሪው ይናገራል።

ገንዘቡስ? በ2020 መጨረሻ ሆም ዲፖ 20.75 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ጥፋቱ በአሮጌ ቤቶች እድሳት ላይ የሊድ ፈቃድ የሌላቸው ሰብኮንትራክተሮችን ማሰማራቱ ነበር። ይህን ያነበበ ትልቅ ኮንትራክተር ዛሬ ሰብኮንትራክተሩን «ካርድህን አሳየኝ» ማለቱ አይቀርም። ካርድ ያለው ይገባል፤ የሌለው ከበር ይመለሳል፣ ወይም በጓሮ በር ገብቶ በግማሽ ዋጋ ይሠራል። ከተሞችና ግዛቶች ከፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት በሚያገኙት ዕርዳታ የሚያሠሩት የሊድ ሥራም ለባለ ፈቃድ ብቻ ነው። በሜሪላንድ ከ2015 ጀምሮ ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት ሁሉ በሊድ ሕጉ ሥር ገብቷል፤ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር የሚፈተሽ ቤት አለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሥራ በደጃችን እያለፈ ነው።

ጥበቃውን በተመለከተ ደግሞ አንድ መራራ ነገር አለ። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ አሠሪ ሬስፒሬተር፣ የሥራ ልብስ፣ መታጠቢያና የደም ምርመራ በራሱ ወጪ ለሠራተኛው እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ መብት ያለው ግን ተቀጣሪ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው በ1099 የግብር ቅጽ ነው፤ በወረቀት ላይ ራሳችን ለራሳችን አሠሪ ነን፣ ስለዚህም የሚጠይቅልን የለም። ግድግዳው ያው ነው፣ አቧራው ያው ነው፤ ሬስፒሬተሩ ግን የለም። ሠራተኛቸውን ሁሉ በ1099 የሚያሰልፉ የራሳችን ወገን ኮንትራክተሮችም አሉ፤ እነሱም ይህን እንዲያነቡት ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንግባ። ለምን አብረን? አንድ ሰው ብቻውን ቢሠለጥን ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ለፕላስቲኩ፣ ለቫኪዩሙ፣ ለጽዳቱ ሰዓት ዋጋ ጨምሮ ያቀርባል። ከጎኑ ያለው ያልሠለጠነ ወንድሙ ይህን ሁሉ ሳያስብ በግማሽ ዋጋ ይገባል። ሥራው ለርካሹ ይሄዳል፤ የሠለጠነው ሰው በሁለተኛው ወር ፕላስቲኩን ትቶ እንደ ድሮው መፋቅ ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ሕጉን ያከበረ ይቀጣል። ዋጋውን የሚያወርድብን ፈረንጁ ባለ ቤት አይደለም፤ እርስ በርሳችን ነን። ይህ የሚቆመው ብዙዎቻችን በአንድ ወቅት ስንሠለጥንና «በደረቁ አንፍቅም፣ ያለ ፕላስቲክ አንገባም» የሚለውን ቃል በአንድ አፍ ስንናገር ነው። ያን ጊዜ የጥንቃቄው ወጪ የሁሉም ዋጋ ይሆናል፤ ማንም በሱ ተሸናፊ አይሆንም።

ቋንቋውም ቢሆን የሚፈታው በብዛት ነው። በፌዴራሉ ደንብ በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ ኮርስ እንደ አዲስ ኮርስ ይቆጠራል፤ አሠልጣኙ ለዚያ ቋንቋ ራሱን የቻለ እውቅና ማግኘት አለበት። በስፓኒሽ ኮርሱ አለ፤ ምክንያቱም ጠያቂው ብዙ ነው። አንድ ሰው ደውሎ «በአማርኛ አላችሁ ወይ?» ቢል «የለንም» ተብሎ ይዘጋበታል። ሃያና ሠላሳ ሰው ስሙን ጽፎ፣ ክፍያውን ይዞ ቢመጣ ግን አሠልጣኙ ራሱ ወረቀቱን ይዞ ይሮጣል። ዲሲ ላይ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለልን። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሰው ካልጠየቀ ግን ሕጉ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ለዲኦኢኢ በጋራ እንጻፍ፤ የሥልጠናና የፈቃድ መረጃው በአማርኛ ይቅረብልን እንበል።

ወጪውን ለመሸከም እኛ ሌላው የሌለው ነገር አለን፤ እቁብ። አሥር ቀለም ቀቢዎች እቁብ ቢገቡ በመጀመሪያው ዙር የአንዱ ቡድን የሥልጠና ክፍያ፣ በሁለተኛው የሄፓ ቫኪዩሙ፣ በሦስተኛው የድርጅት ፈቃዱና የኢንሹራንሱ ይሸፈናል። ቫኪዩም ውድ ነው፤ ግን በየቀኑ ሁሉም አይፈልገውም፣ ሦስት ቡድን በአንዱ ሊፈራረቅ ይችላል። ሰፋ ያለ መነሻ ለሚፈልግ አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ለአነስተኛ ንግድ ብድር የሚሰጥ ክፍል አለው። የቀለም ቀቢዎች ማኅበሩ አይዩፓትም በዚህ አካባቢ ቅርንጫፍ አለው፤ ደመወዝ፣ ጤና ኢንሹራንስና ጡረታ የሚያስገኝ መንገድ ስለሆነ ወጣቶች ቢያጠያይቁ አይከስሩም።

ጥሪው ለቀቢዎች ብቻ አይደለም። ቤት የገዛችሁና የምታከራዩ ወገኖች፣ የጓደኛችሁን ልጅ በቅዳሜና እሁድ «አንድ ሁለት ክፍል ፋቅልኝ» ማለት ይብቃ። ደንቡን የጣሰ ድርጅት በአንድ ጥፋት በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ከዚያ የሚከፋው ግን ተከራያችሁ ሐኪም ቤት ሄዳ የልጇን የደም ውጤት ስትሰማ ነው። በቤታችሁ የሕፃናት መዋያ የከፈታችሁ እናቶች፣ ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙን አስመርምሩ፤ አድሱልኝ ስትሉም ካርዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትይዙት የሰው ልጅ ነው።

«እኔ ሃያ ዓመት ፍቄአለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚሉ ታላላቆቻችን አሉ። ጋሼ፣ ደምዎን አስመርምረው ነው? የደም ግፊት ክኒን የሚውጡት ለምን ይመስልዎታል? ከእርሳስ ነው አልልም፤ ሳይመረመሩ አይደለም ለማለትም አይችሉም። «አገር ቤት ማን ይጠነቀቃል» የሚለውም ሰበብ አልፎበታል። ኢትዮጵያም በ2018 በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታለች፤ ይህ አሜሪካ በ2009 ለአዲስ ቀለም ካስቀመጠችው ልክ ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ይጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የእድር ዳኞች፣ አዳራሻችሁን ለአንድ ምሽት ክፈቱልን። ሥልጠናውን አስቀድማችሁ የወሰዳችሁ ጥቂት ሰዎች ወደ ፊት ኑና ያያችሁትን ንገሩን፤ ከመካከላችሁም አሠልጣኝ መሆን የሚችል አለ። ኮንትራክተሮች፣ የሠራተኞቻችሁን ቀን ዋጋ ከፍላችሁ ላኳቸው። እናንተ ቀቢዎች፣ ስማችሁንና ስልካችሁን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፣ ከመካከላችሁ ሁለት ተወካይ ምረጡ፣ እቁቡን ጀምሩ። ሃያ ስም ሲሞላ ወደ አሠልጣኙ ሂዱና «ቀን ቁረጥልን» በሉት።